እንዲፈርስ የተሠራ ቤት

ስድሳ ዓመት ጭቃ ያቦካ፣ ኤውሎጂዮ ቾኬ ግንበኛ፣
ከአንዲስ ትከሻ ላይ፣ ብርዱ ከሚያድርበት፣ ዶሮ ከጮኸ የማይተኛ፣
ደብዳቤ መጣለት ከዩኒቨርሲቲው፣ ማኅተም ያረፈበት፤
የልጅ ልጁ ያኔት ጉሮሮዋን ጠርጋ ጮክ ብላ አነበበችለት።
«የጭቃ ጡብ ቤት ይሥሩልን፣ አባትዎ እንዳሳዩዎ፣
አንዳች ሳይጨምሩ፣ አንዳች ሳይቀንሱ፣ እንደ ጥንቱ ልማድዎ።
ሲደርቅ በአዲሱ ቤተ ሙከራ እናፈርሰዋለን።»
«ምን አልሽ?»
«እናፈርሰዋለን።»
«ክፍያውስ?»
«አለው።»
ሄደ።

ኮረብታው ላይ ሁለት ሕንፃ፤ ቀለማቸው ገና ይሸታል።
የአንደኛው ጣሪያ መስታወት ነው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ዓይን ይወጋል፤
እዚያ ውስጥ ድንች ያጠናሉ፣
ሥሩን በአየር ላይ ሰቅለው፣ እንደ ሽማግሌ ጢም አንዠርግገው፣
በየሩብ ሰዓቱ ጭጋግ እየነፉ ያጠጣሉ።
«አፈሩስ?» አላት ነጭ ካፖርት የለበሰችውን።
«አፈር በሽታ ያመጣል፣ አባባ።»
ጥፍሮቹን አየ፤ ጥፍሮቹ ሥር ያለውን።
እጁን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ አስገባ።

ሁለተኛው ሕንፃ መስኮት የለውም።
ከወለሉ መሐል ሰፊ የብረት ጠረጴዛ፣
ከሥሩ ዘይት የሚገፋው ክንድ፣ እንደ ታመመ በሬ የሚያቃስት።
ፀጉሯን በእርሳስ የቋጠረችው ኢንጂነር ታይፔ
«ይሄ መሬት ነው፤ የምናዘው መሬት» አለችው።
«የሚታዘዝ መሬት አላውቅም» አላት፤
ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባ።

ሦስት ሳምንት ረገጠ።
ተማሪዎቹ ጭዱን ስንት ግራም እንደሚጨምር ጠየቁት፤
«እፍኝ» አላቸው።
እፍኙን መዘኑት። አሥራ አንድ ጊዜ መዘኑት።
ልዩነቱ ከሦስት ግራም አልበለጠም፤ እርስ በርስ ተያዩ።
ያልጠየቁትን አልነገራቸውም፦
በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በዚሁ እፍኝ፣ በዚሁ እጁ
ለእህቱ ለሳቱርኒና ቤት እንደሠራ፤
በአንድ የዝናም ሌሊት ምድር ስትንቀጠቀጥ
የምሥራቁ ማዕዘን በላይዋ እንደ ተደረመሰ።
ግድግዳ ጆሮ አለው ይላሉ፤
ምነው ክንድ በኖረው!

የፈተናው ቀን ሁለት ቤት ቆመ። አንዱ የእሱ ብቻ፤
ሌላውም የእሱ፣ ግን ተማሪዎቹ እንደ ጭነት በናይለን ገመድ የጠፈሩት።
«የትኛውን መንቀጥቀጥ ነው የምትሰጡት?»
ታይፔ ዓመቱን ነገረችው፤ ወሩን ነገረችው።
መሣሪያ መዝግቦት ኖሯል ያን ሌሊት፤
ወረቀት ላይ እንደ ሕፃን ጽሕፈት የተወላገደ መስመር፣
በመሳቢያ ተኝቶ፣ ሳይሞት፣ ሳይረሳ፣
ጣቷን ስትጭንበት ሊነሣ።

ጠረጴዛው ተነሣ።
በዘጠነኛው ሰከንድ የመጀመሪያው ቤት ወደቀ፤
በየትኛው ማዕዘን እንደ ጀመረ፣ እሱ ሳያይ አወቀ።
ሁለተኛው ተሰነጠቀ፣ አቧራ ተፋ፣ ጎበጠ፣
በገመዱ ታንቆ፣ ጥርሱን ነክሶ፣
ቆመ።

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እሱ አላጨበጨበም።
ገመዱን ዳሰሰው። «ዋጋው?»
«ለአንድ ቤት? ከሁለት በግ አይበልጥም።»
ሁለት በግ።
ሳቱርኒና ያኔ ዐሥራ ሰባት በግ ነበራት።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «ይሄ ቋጠሮ ይላላል» አለ፤
«ላማ ስንጭን የምንቋጥረው አለ፣ በተጎተተ ቁጥር የሚጠብቅ።»
አሳያቸው።
ታይፔ እርሳሷን ከፀጉሯ መዘዘች፤
ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወረደ፤ ጻፈች።

ማታ ያኔት ጠየቀችው፣ «አፈረሱት?»
«አዎ።»
«አዘንህ?»
አልመለሰላትም። በፋኖስ ብርሃን፣ አልጋዋ በተጠጋበት ግድግዳ
ገመዱን በግራ አስገብቶ በቀኝ አወጣ፣
ሳበ፣ በጉልበቱ ተደግፎ ሳበ፣ ቋጠረ፤
ልጅቷ እስክትተኛ ጠብቆ
በጣቱ ደግሞ ሞከረ።